ቀንድ ያላበቀለው ተባዕት

በአገራችን ከብት አርቢው ገበሬ ለእንስሶቹ በየዕድሜያቸውና በየፆታቸው ስም አውጥቶላቸዋል። የተወለደው ሁሉ በመጀመሪያ ጥጃ ይባላል፤ ሴቲቱ ከፍ ስትል ጊደር፣ ወንዱ ሲጎረምስ ወይፈን ይሆናል፤ ከዚያም በኋላ ላም፣ ኮርማና በሬ እየተባለ በሥራውና በጥቅሙ ይለያል። እረኛው ልጅ እንኳ ገና በጡት ያለችውን ጥጃ ከወንዱ ጥጃ በሩቁ ይለያታል። ለምን ቢባል፣ ዕለት ዕለት አብሮአቸው ይውላልና ነው።

ነገር ግን ሰው በበረቱ ያለውን እንስሳ ለይቶ የሚያውቀውን ያህል በዱር ያለውን ለይቶ አያውቅም። የዱር እንስሳ ሰው አይቶ ይሸሻል፤ የሚታየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ጥቂት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በንጋት ወይም በምሽት ብርሃን፣ በቅጠልና በቅርንጫፍ መካከል ነው። አዳኙም በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ፣ «ይህ ወንድ ነው ወይስ ሴት? ልጅ ነው ወይስ ሽማግሌ?» ብሎ መፍረድ አለበት። አንድ ጊዜ የተተኮሰ ጥይት ስለማይመለስ ፍርዱ ይግባኝ የለውም።

ይህች የአንድ አፍታ ፍርድ በሰሜን አሜሪካ ከ1 መቶ ዓመት ለበለጠ ጊዜ ሕግ አውጪዎችን፣ የዱር አራዊት ሊቃውንትንና አዳኞችን ስታከራክር ኖራለች። የክርክሩ መነሻ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ይኸውም ወጣቱን ተባዕት አጋዘን ከእንስቲቱ እንዴት መለየት ይቻላል የሚል ነው። ታሪኩን ተከታትሎ ለሚያነብ ሰው ግን ጉዳዩ ከአደን ያልፋል። ሕግ አንድን ነገር በምልክቱ ሲያውቀው ምን እንደሚጠቅምና ምን እንደሚጎድልበት፣ የቸገረ ጊዜ የረዳውም ደንብ የቸገረው ጊዜ ካለፈ በኋላ ሳይመረመር ሲቀር ምን እንደሚያስከትል ያስተምራል። ስለዚህ ታሪኩን ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ እንስሳው ራሱ ጥቂት እንናገር። በአማርኛ አጋዘን ብለን የምንጠራቸው የአገራችን እንስሶች በእውነቱ ከላምና ከፍየል ወገን የሚቆጠሩ ናቸው። ኤውሮፓውያንና አሜሪካውያን የሚያድኑት አጋዘን ግን ሌላ ወገን ነው። የዚህ ወገን የሆነ እንስሳ በተፈጥሮ የሚገኘው በአፍሪካ በስተ ሰሜን፣ በቱኒዝያና በአልጄርያ ደኖች ብቻ ነው። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ዋናው ልዩነት በቀንዳቸው ይታወቃል። የላምና የፍየል ወገን ቀንድ ከአንድ ጊዜ በኋላ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ነው፤ ቢሰበርም አይተካም። የአጋዘን ቀንድ ግን ራሱ አጥንት ሲሆን በየዓመቱ ይረግፋል፤ በየዓመቱም እንደገና ይበቅላል። በጸደይ ጊዜ ለስላሳ ጠጉር ባለው ቆዳ ተሸፍኖ ያድጋል፤ በመከር ጊዜ ቆዳው ይገፈፍና ቀንዱ ይጠነክራል፤ የመራቢያው ወራት ካለፈ በኋላ ደግሞ ከሥሩ ተላቆ ይወድቃል። ከጥቂቶቹ ዓይነቶች በቀር ቀንድ የሚያበቅለው ተባዕቱ ብቻ ነው።

በሰሜን አሜሪካ በብዛት የሚገኘው አጋዘን ባለ ነጭ ጅራት የሚባለው ነው። በበጋ ቀላ ያለ፣ በበረዶው ወራት ግራጫ መልክ አለው። ሲደነግጥ ጅራቱን ወደ ላይ ያነሣል፤ በጅራቱ ሥር ያለው ነጭ ጠጉርም እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ ይታያል። እንስቲቱ የምትወልደው በግንቦትና በሰኔ ነው፤ የበረታች እንደ ሆነች ብዙውን ጊዜ መንታ ትወልዳለች። ዋናው የአደን ወራት የሚከፈተው በኅዳር ገደማ ስለ ሆነ፣ በዚያ ጊዜ የዓመቱ ግልገሎች የስድስት ወር ልጆች ናቸው። አንባቢው ይህን የስድስት ወር ግልገል እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ የታሪካችን ዋና ባለ ጉዳይ እርሱ ነውና።

በድሮው ዘመን የኤውሮፓ መኳንንት አደንን እንደ ትልቅ ትምህርት ይቆጥሩት ነበር። የፎዋ መስፍን የነበሩት ጋስቶን ፌቡስ ከ1387 ዓ.ም. ጀምሮ በፈረንሳይኛ ስለ አደን መጽሐፍ ጻፉ፤ የእንግሊዙ የዮርክ መስፍን ኤድዋርድም በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ከዚያ ተርጉመው፣ ከራሳቸውም ጨምረው በእንግሊዝኛ አቀረቡት። በእንግሊዞቹ አዳኞች ዘንድ ቀዩ ተባዕት አጋዘን በየዓመቱ ስሙ ይለወጥ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ካፍ፣ በሁለተኛው ቡሎክ፣ በሦስተኛው ብሮኬት፣ በአራተኛው ስታጋርድ፣ በአምስተኛው ስታግ፣ በስድስተኛው ሃርት ይባላል። አዳኙም ገና ውሾቹን ሳይለቅ የኮቴውን ዱካ፣ ፋንድያውንና ቀንዱን ያሸበትን ዛፍ መርምሮ እንስሳው ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ለጌታው ማስረዳት ነበረበት። የእኛ ገበሬ ጥጃ፣ ወይፈን፣ ኮርማ እያለ እንደሚለይ እነርሱም እንደዚሁ ይለዩ ነበር። ብዙ ስም ያለበት ቦታ ብዙ ማስተዋል አለ ማለት ነው።

ወደ አሜሪካ የሄዱት ኤውሮፓውያን ሰፋሪዎች ግን ያገኙት የመኳንንት አደን ሳይሆን ወሰን የሌለው የሚመስል ደንና ባለቤት የሌለው የሚመስል እንስሳ ነበር። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከዘመናት ጀምሮ በአጋዘን ሥጋ ሲመገቡ፣ በቆዳውም ሲለብሱ ኖረዋል። በ18ኛው መቶ ዓመት ግን ቆዳው የውጭ ንግድ ዕቃ ሆነና ከቻርልስተን ወደብ ብቻ በየዓመቱ በአሥር ሺሆች የሚቆጠር የአጋዘን ቆዳ ወደ እንግሊዝ አገር ይጫን ጀመር። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ፣ ጠመንጃ ተሻሽሎ፣ ከተሞች በዝተው ሳለ፣ ሥጋውን ለገበያ የሚያቀርቡ አዳኞች በጋም ክረምትም፣ ሌሊትም ቀንም ሳይሉ ገደሉት። ደኑም ለእርሻና ለእንጨት ተመነጠረ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ የተረፈው ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ከ5 መቶ ሺህ እንደማይበልጥ ይገመታል። በብዙ ግዛቶች አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ኖሮ አንድ አጋዘን ሳያይ የሚሞትበት ጊዜ ሆነ።

በዚህ ጊዜ አስተዋዮች ሰዎች ተነሡ። በትንሿ በቬርሞንት ግዛት አጋዘኑ ፈጽሞ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው፣ በ1878 ዓ.ም. 17 አጋዘኖች ከኒው ዮርክ መጥተው በዱሩ ተለቀቁ። ለብዙ ዓመታት እንዳይገደሉ ከተከለከለ በኋላ በ1897 ዓ.ም. አደን ሲከፈት፣ መግደል የተፈቀደው ባለ ቀንዱን ብቻ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ሕግን ተላልፎ የተገደለ የዱር እንስሳ ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይነገድ የሚከለክል የሌሲ ሕግ የተባለው ወጣ። በፔንሲልቬንያ በ1895 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ኮሚሲዮን ተቋቁሞ ነበርና፣ ጸሐፊው ዶክተር ጆሴፍ ካልብፈስና ጓደኞቻቸው ብዙ ከደከሙ በኋላ በ1907 ዓ.ም. ታላቅ ሕግ ጸደቀ። ሕጉም ቀንዱ በግልጽ ከማይታይ አጋዘን ላይ ማንም እንዳይተኩስ የሚል ነበር። ዊስኮንሲን በ1915 ዓ.ም.፣ ሚሺጋን በ1921 ዓ.ም. ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ሕዝቡም ይህን ዓይነቱን ሕግ «የተባዕት ሕግ» አለው።

ሕጉ በሁለት ምክንያት ብልህ ሕግ ነበር። የመጀመሪያው፣ አንድ ተባዕት ብዙ እንስቶችን ሊያስረግዝ ስለሚችል ተባዕቶቹ ቢቀነሱም መንጋው መብዛቱን አያቆምም፤ እናቶቹ ከተጠበቁ ግን በየዓመቱ ይወለዳል። ሁለተኛው ምክንያት ስለ ሰው ሕይወት ነው። በዚያን ዘመን ቁጥቋጦ ሲንቀሳቀስ አይቶ፣ አጋዘን መሰለኝ ብሎ ጓደኛውን የሚገድል አዳኝ ብዙ ነበር። ሕጉ አስቀድመህ ቀንዱን ተመልከት ስላለ አዳኙ ሳያይ እንዳይተኩስ አስገደደው። ለጥበቃ ሠራተኛውም ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ቀንድ አለ ወይስ የለም ብሎ በአንድ እይታ ይፈርዳል። አንድን ሕግ ሕዝቡ እንዲጠብቀው ከተፈለገ ምልክቱ ለዓይን የቀረበ መሆን እንዳለበት የተረዱ ሰዎች ያወጡት ነው።

ፍሬውም በቶሎ ታየ። ደን ተመንጥሮ በተተወው መሬት ላይ አዲስ ቡቃያና ቁጥቋጦ ስለ በቀለ መኖው ተትረፈረፈ፤ ተኩላና የተራራ አንበሳ በብዙ ቦታ ጠፍተው ነበር፤ እንስቶቹም በሕግ ይጠበቁ ነበር። እንዲህ ያለ ምቾት ያገኘ መንጋ እንዴት እንደሚበዛ የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። በሚሺጋን ግዛት በአጥር በተከበበ 1 ሺህ 2 መቶ ኤከር በሚያህል የጆርጅ ጥብቅ ቦታ፣ በ1928 ዓ.ም. 2 ተባዕትና 4 እንስት፣ በጠቅላላው 6 አጋዘኖች ገቡ። ከስድስተኛው የመራቢያ ወራት በኋላ በ1933 ዓ.ም. መጨረሻ ሰዎች በረድፍ ተሰልፈው ሲቆጥሩ 160 ሆነው ተገኙ።

ይሁን እንጂ መሬት እንደ አጋዘን አይበዛም። በፔንሲልቬንያ፣ በሚሺጋንና በዊስኮንሲን ደኖች አንድ አስደንጋጭ ምልክት መታየት ጀመረ። አጋዘን በኋላ እግሩ ቆሞ አንገቱን ዘርግቶ ሊደርስበት ከሚችለው ከፍታ በታች ያለው ቅጠልና ለጋ ቅርንጫፍ ሁሉ ተበልቶ አለቀ፤ ደኑ በገመድ ተለክቶ የተቆረጠ መሰለ። የሚተካ ችግኝም አልቀረም። በረዶው በከበደበት ወራት አጋዘኖቹ በአንድ ሸለቆ ተሰብስበው ይራቡ ጀመር። በዚህ ጊዜ ረጅሙ ከፍ ካለው ቅርንጫፍ ይቀጥፋል፤ አጭሩ ግልገል ግን አይደርስበትም። ስለዚህ አስቀድመው የሚሞቱት ግልገሎቹ ነበሩ። እናቲቱን ከጥይት ያዳነው ሕግ ልጅዋን በረሃብ አሳልፎ ሰጠ። የሕጉ ክፋት አልነበረም፤ ጊዜው አልፎበት ሳይመረመር መቅረቱ ነው።

ሊቃውንቱ ይህን ሲያዩ እንስቶችም በልክ መቀነስ አለባቸው አሉ። ፔንሲልቬንያ በ1923 ዓ.ም. በጥቂት ቦታዎች፣ በ1928 ዓ.ም. ደግሞ በመላው ግዛት ቀንድ የሌላቸው አጋዘኖች እንዲታደኑ ፈቀደች። ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። ከ20 ዓመት በላይ እንስት የሚገድል ሰው ወንጀለኛ ነው እየተባለ ሲሰበክ ኖሮ ነበር፤ አባት ለልጁ ያስተማረው ይህንኑ ነበር። አሁን ያው መሥሪያ ቤት ተመልሶ እንስቲቱን ግደሉ ሲል፣ ሰው ግራ ቢገባውና ቢቆጣ አያስደንቅም።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ክርክር በዊስኮንሲን የተደረገው ነው። በዚያ ግዛት ዩኒቨርሲቲ የዱር እንስሳት አጠባበቅ አስተማሪ የነበሩት ፕሮፌሰር አልዶ ሊዮፖልድ በ1933 ዓ.ም. በዚሁ ትምህርት የታወቀውን መጽሐፋቸውን ያሳተሙ ሊቅ ናቸው። ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመውን የዜጎች ኮሚቴ ይመሩ ነበርና፣ የኮሚቴው አባሎች በ1943 ዓ.ም. በበረዶው ወራት መጨረሻ አጋዘኖቹ ወደ ተሰበሰቡበት ሸለቆ ሄደው በረሃብ የሞቱትን በዓይናቸው አዩ። በዚያው ዓመት መከር የግዛቱ ኮሚሲዮን በመጀመሪያ ቀንዱ የተከፈለውን ተባዕት፣ ቀጥሎ ቀንድ አልባውን የማደኛ ቀን ከፈተ። በጥቂት ቀኖች ውስጥ ከ1 መቶ 20 ሺህ በላይ አጋዘን ተገደለ። ሕዝቡም ተቆጣ፤ ያንን የአደን ወራት «የ43 ወንጀል» ብሎ ሰየመው፤ ሊዮፖልድም የኮሚሲዮኑ አባል ነበሩና ወቀሳው በእርሳቸው ላይ ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት ኮሚሲዮኑ ወደ ተባዕት ብቻ አደን ተመለሰ። ሊዮፖልድ በ1948 ዓ.ም. የጎረቤታቸውን የሣር ቃጠሎ ለማጥፋት ሲረዱ ድንገት አረፉ። በተከተለው ዓመት በ1949 ዓ.ም. ዊስኮንሲን ቀንድ አልባዎቹን ማደን እንደገና ፈቀደች። ትክክል የሆነ ሐሳብ ሕዝቡ ሳይረዳው በችኮላ ሲፈጸም ምን ያህል ጊዜ ወደ ኋላ እንደሚጎትት ከዚህ ይታያል።

በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል ግን ሁለቱም ወገኖች ሳያስተውሉት ያለፉት አንድ ነገር ነበር። ሕጉ የሚናገረው ስለ «ቀንድ አልባ» ነው፤ ሕዝቡ ግን ይህን «እንስት» ብሎ ተረጎመው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የቀንድ አልባ ፈቃድ ነው፤ በሰው አፍ ግን የእንስት ፈቃድ ይባላል። ቃሎቹ ተቀራረቡ እንጂ አንድ አይደሉም። በብዙ ግዛቶች ቀንዱ ከ3 ኢንች፣ ማለት ከሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ያነሰ አጋዘን ሁሉ በሕግ ፊት ቀንድ አልባ ነው። ከእነዚህም መካከል ያ የስድስት ወር ተባዕት ግልገል አለበት። በግንባሩ ላይ ቀንዱ የሚበቅልበት ጉብታ በቆዳው ሥር ብቅ ብሏል፤ ነገር ግን ከጠጉሩ አልወጣም። የአሜሪካ አዳኞች ጉብታው የልብስ አዝራር ስለሚመስል «ባለ አዝራር» ይሉታል። ከሩቅ የሚመለከተው ሰው ቀንድ ስላላየበት እንስት ነው ብሎ ይተኩሳል። ሕግ አልጣሰም፤ ግን ሊያደርግ ያሰበውን አላደረገም። በፔንሲልቬንያ ቀንድ አልባ ተብለው ከሚገደሉት ከ10ሩ 2 ያህሉ እንዲህ ያሉ ተባዕት ግልገሎች ሆነው ይገኛሉ።

ጉዳቱ በሁለት ወገን ነው። የተፈለገው የሚወልዱትን ቁጥር ለመቀነስ ነበርና አንድ ተባዕት ግልገል በስሕተት ሲገደል እናቲቱ በሕይወት ትቀራለች፤ መንጋው መብዛቱን ይቀጥላል፤ ደኑም አይድንም። በሌላ በኩል በሚቀጥለው ዓመት ባለ ቀንድ ይሆን የነበረው ተባዕት ቀርቷል። ባለ ቀንድ ሲሆን ደግሞ በተባዕት ሕግ ይታደናል። ስለዚህ በብዙ ቦታ ተባዕቱ በልጅነቱ በእንስት ስም፣ በጉርምስናው በተባዕት ስም እየተገደለ ሙሉ ዕድሜ የሚደርስ ጠፋ። ቀንድን ብቻ እንዲመለከት የተማረ ዓይን ቀንድ የሌለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ዕውር ሆነ።

እንግዲህ ሊቃውንቱና ልምድ ያላቸው አዳኞች ዓይንን እንደገና ማስተማር ግድ ሆነባቸው። ያስተማሩትን ባጭሩ ብንገልጽ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ የራስ ቅሉን ተመልከት። የእንስቲቱ አናት በሁለት ጆሮዎችዋ መካከል ሲታይ ክብ ነው፤ የተባዕቱ ግልገል አናት ግን ጉብታዎቹ ከሁለት ወገን ስለሚያነሡት ጠፍጣፋ ይመስላል። ሁለተኛ፣ ፊቱን ተመልከት። የጎለመሰች እንስት ከዓይንዋ እስከ አፍንጫዋ ያለው ርቀት ረጅም ነው፤ የግልገል ፊት ግን አጭርና ድቡልቡል ያለ ነው። ሦስተኛ፣ የሰውነቱን ቅርጽ ተመልከት። እናቲቱ አንገትዋ ረዘም ያለ፣ ጎንዋም ከቁመትዋ ይልቅ የሚረዝም ነው፤ ግልገሉ ግን ርዝመቱና ቁመቱ ተቀራራቢ ስለ ሆነ አራት ማዕዘን ሣጥን ይመስላል።

አራተኛው ምልክት ጠባይ ነው። ተባዕት ግልገል ደፋርና ችኩል ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ፣ አንዳንድ ጊዜም ብቻውን ወደ ሜዳ ይወጣል። እናቲቱ ግን በጫካው ጠርዝ ቆማ ነፋሱን ሳታሸት፣ ግራና ቀኙን ሳታይ አትወጣም። ስለዚህ ብቻውን የመጣ ትንሽ ቀንድ አልባ አጋዘን ብዙውን ጊዜ ተባዕት ግልገል ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ምክር ከዚህ የተነሣ ነው፤ ይኸውም ብቻውን በቆመ ቀንድ አልባ ላይ አትተኩስ፤ ሁለት ወይም ሦስት አብረው እስኪቆሙ ድረስ ጠብቅና አወዳድራቸው የሚል ነው። አጠገቡ የሚተያይበት ሌላ ከሌለ ትንሹ ትልቅ ይመስላል፤ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን የሚሳሳት የለም። አምስተኛው ምክር ስለ ብርሃን ነው። ምሽት ላይ ዓይን የሚያየውን ሳይሆን የሚመኘውን ያያል፤ ስለዚህ የሩቅ ማያ መነጽር ይዞ፣ ብርሃን ሳለ መመልከት፣ ጥርጣሬ ካለም መተው ይገባል።

ሌሎችም የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። አንድ ዓመት ተኩል የሆነው ተባዕት ቀንዱ አጭር ሹል ብቻ ሊሆን ይችላልና ከጆሮው ሥር ይሰወራል። የአደን ወራት እስከ ጥር በሚዘልቅበት ቦታም ትልቁ ተባዕት ቀንዱን ጥሎ እንስት ሊመስል ይችላል። ብዙ ሰው ደግሞ የቀንዱን ቅርንጫፍ ቈጥሮ ዕድሜውን የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ይህም ስሕተት ነው። የቀንዱ ትልቅነት በመኖውና በዘሩም የሚወሰን ስለ ሆነ የቅርንጫፉ ቍጥር የዓመቱን ቍጥር አይገልጽም። ዕድሜ የሚመረመረው በጥርሱ ነው።

ይህ ትምህርት ቀስ በቀስ በሕጉም ላይ ታየ። በ1975 ዓ.ም. አል ብራዘርስና መርፊ ሬይ የተባሉ ሁለት የቴክሳስ ሊቃውንት ወጣት ተባዕቶችን ስለ ማሳደግና እንስቶችን በልክ ስለ መቀነስ መጽሐፍ አወጡ። በፔንሲልቬንያም የአጋዘን ክፍል ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ጋሪ ኦልት ከከተማ ከተማ እየዞሩ በየአዳራሹ ለብዙ ሺህ ሰው ካስረዱ በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም. በአብዛኛው የግዛቱ ክፍል በአንድ ወገን ቢያንስ 3 ቅርንጫፍ የሌለው ተባዕት እንዳይገደል ተደነገገ። በ1928 ዓ.ም. ሕጉ ቀድሞ ማስረዳቱ ዘገየ፤ በ2002 ዓ.ም. ግን ማስረዳቱ ቀድሞ ሕጉ ተከተለ። ተቃውሞው ባይቀርም ደንቡ ጸና። ዛሬ በአሜሪካ ያለው ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን 30 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን ይገመታል።

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ቢሆንም ለእኛ የሚነግረን አለ። በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ቦታ የማይገኘው የደጋ አጋዘን ቀንድ ያለው ተባዕቱ ብቻ ነው። የአገሩ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ሲያውቀው የኖረውን ይህን እንስሳ የኤውሮፓ ሳይንስ የተረዳው ሜጀር አይቮር በክስተን በ1908 ዓ.ም. ካደኑት በኋላ ነው፤ በ1910 ዓ.ም. ሪቻርድ ላይደከር ሳይንሳዊ ስም ሰጡት። የእርሱም ወጣት ተባዕት ቀንዱ ከጆሮው እስኪያልፍ ድረስ ከሩቅ ሲታይ እንስት ይመስላል። ቁጥሩ ጥቂት ስለ ሆነ በእርሱ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ከአሜሪካው ይልቅ የከበደ ነው፤ እዚያ ከሚሊዮኖች አንድ ይጎድላል፤ እዚህ ግን ከጥቂት ሺሆች ነው። በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ዋልያ ደግሞ ሌላ ነው። እርሱን ማደን ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ለመቁጠር ለሚወጣ ሰው ግን ያው ችግር አለበት። የዋልያ እንስት ቀጭንና አጭር ቀንድ ስላላት፣ ቀንዱ ገና ያላደገው ወጣት ተባዕት እርስዋን ይመስላል። በአንዱ እንስሳ ቀንድ ማለት ወንድ ማለት ሲሆን፣ በሌላው እንዲህ አይደለም። ምልክቱን ከአንዱ ወስዶ ለሌላው መፍረጃ ማድረግ አይቻልም።

የባሌን መንገድ የሚሄድ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ በዲንሾ ጥቂት ጊዜ ቢቆም መልካም ትምህርት ያገኛል። እዚያ የደጋ አጋዘኖች ሰውን ብዙ ሳይፈሩ ሲግጡ ይታያሉ። ልጆቹን፣ «ከእነዚህ ቀንድ አልባዎች መካከል ወንዱ ማነው?» ብሎ ይጠይቃቸው። መልሱን ከመንገሩ በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ይመልከቱ። ከገበሬ ቤት የመጣው ልጅ ጊደርን ከወይፈን ሲለይ ያደገ ስለ ሆነ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመልሰው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

የ1907 ዓ.ም. ሕግ አውጪዎች አልተሳሳቱም፤ በጊዜያቸው የጠፋውን መንጋ አዳኑ። የተሳሳቱት ከእነርሱ በኋላ የመጡት ናቸው፤ ቀንዱን የተባዕትነት ምልክት መሆኑን ትተው ተባዕትነቱ ራሱ አድርገው ቈጠሩት። ምልክት ሰውን ወደ እውነቱ ያደርሳል እንጂ በእውነቱ ቦታ ሊተካ አይገባውም። ደንብ የሚያወጣም፣ ደንብ የሚያስፈጽምም ሰው ከየጊዜው ወደ ደኑ ተመልሶ ሕጉ የሚለውና መሬቱ የሚያሳየው አንድ መሆናቸውን መርምሮ ማየት ይገባዋል። ያን ጊዜ ቀንድ ያላበቀለው ተባዕትም በስሙ ይታወቃል፤ ለማደግም ጊዜ ያገኛል።